ሲቲዘን ሌጂስሌቸር ምንድን ነው?

አንድ ሰው 30 ዓመት ኮሌጅ ውስጥ ቅርጫት ኳስ ሲያሠለጥን ይኖራል። ክፍል ገብቶም ያስተምራል። ጡረታ ሲወጣ ጎረቤቶቹ "ለምን ለስቴት ምክር ቤት አትወዳደርም?" ይሉታል። ይወዳደራል፣ ያሸንፋል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ የሕይወት ታሪክ ያላቸው የምክር ቤት አባላት አሉ። ትናንት ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሜዳ ዳር ይጮህ የነበረ ሰው ዛሬ እንዴት ሕግ ያወጣል? መልሱ ያለው ሲቲዘን ሌጂስሌቸር በሚባለው አሠራር ውስጥ ነው።

ቃሉ በአማርኛ "የተራ ዜጎች ምክር ቤት" እንደማለት ነው። ሕግ ማውጣት የዕድሜ ልክ ሙያ መሆን የለበትም ከሚል እምነት የመጣ ነው። ገበሬው፣ ጠበቃው፣ አስተማሪው፣ ባለሱቁ ለጥቂት ወራት ተሰብስበው ሕግ ያወጣሉ። ከዚያ ወደየሥራቸው ተመልሰው ባወጡት ሕግ ይኖራሉ።

እዚህ ላይ ስቴትና ፌዴራል እንዳይምታታብን። ቶም ኦዝበርን የነብራስካ ዩኒቨርሲቲን የእግር ኳስ ቡድን (የአሜሪካውን እግር ኳስ ማለቴ ነው) ከ1973 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በዋና አሠልጣኝነት መርተው 255 ጨዋታ አሸንፈዋል። በትምህርት ሥነ ልቦና ዶክትሬት ያላቸው ሰው ናቸው። በኋላም ተመርጠው ኮንግረስ ገቡ። ግን እሳቸው የሄዱት ዋሽንግተን ነው። የፌዴራል ኮንግረስ አባል ዛሬ በዓመት 174,000 ዶላር ያገኛል። የነብራስካ ስቴት ምክር ቤት አባል ደግሞ 12,000 ዶላር ብቻ። በወር 1,000 ማለት ነው። እዚያው የስቴቱ ዋና ከተማ ሊንከን ውስጥ ያለው የዩኒቨርሲቲው የእግር ኳስ ዋና አሠልጣኝ በሚሊዮኖች ይከፈለዋል።

ነብራስካ ብቻዋን አይደለችም። ቴክሳስ በወር 600 ዶላር ትከፍላለች። ምክር ቤቷም በሁለት ዓመት አንዴ ለ140 ቀን ነው የሚሰበሰበው። ኒው ሃምፕሸር በ1889 የተቆረጠውን ክፍያ እስካሁን አልነካችውም፤ በዓመት 100 ዶላር ነው። ግን 400 ተወካይ አላት፣ ለ3,500 ሰው ገደማ አንድ ማለት ነው። እዚያ ተወካይህን ሱፐርማርኬት ውስጥ ታገኘዋለህ። ካሊፎርኒያ ሌላ ዓለም ናት። የታችኛው ምክር ቤቷ 80 አባላት አሉት፤ እያንዳንዱ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ ይወክላል፣ ሥራውም የሙሉ ጊዜ ነው።

ታዲያ አሠልጣኝና አስተማሪ እዚህ ቦታ የሚሳካላቸው ለምንድን ነው? በትንሽ የምርጫ ክልል ውስጥ ከገንዘብ በላይ የሚሠራው መታወቅ ነው። አስተማሪ የስንቱን ቤት ልጅ ያውቃል! የኮሌጅ አሠልጣኝ ደግሞ ተጫዋች ለመመልመል የሰው ሳሎን ገብቶ፣ ከእናት ከአባት ጋር ተቀምጦ "ልጃችሁን አደራ ስጡኝ" ሲል የኖረ ሰው ነው። ቤት ለቤት ዞሮ ድምፅ መጠየቅ ለእሱ አዲስ ነገር አይደለም።

መታወቅ ግን ሁልጊዜ አይበቃም። ከናይኪ መሥራቾች አንዱ የሆኑት ቢል ባወርማን የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የሩጫ አሠልጣኝ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት ሜድፎርድ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። ገና በአሠልጣኝነት ላይ ሳሉ በ1970 ለኦሪገን ምክር ቤት ተወዳደሩ። ተሸነፉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የስብሰባው ወቅት ነው። አብዛኞቹ ምክር ቤቶች ሥራ የሚጀምሩት ጃንዋሪ ላይ ነው። ጃንዋሪ ትምህርት የሚሟሟቅበት፣ የቅርጫት ኳስ ውድድርም መሃሉ ላይ የሚደርስበት ወር ነው። በሥራ ላይ ያለ አስተማሪ ክፍሉን ለሦስት ወር ለማን ጥሎ ይሄዳል? ስለዚህ ብዙዎቹ የሚመጡት ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ጡረታ ያለው፣ የራሱ ድርጅት ያለው ወይም የትዳር ጓደኛው ደመወዝ ቤቱን የሚይዝለት ሰው ይችላል። በሰዓት የምትከፈለው ነርስ አትችልም። "የተራ ዜጎች" የተባለው ምክር ቤት ብዙውን ተራ ዜጋ በር ላይ ያስቀረዋል፤ ይህ በእውነት ያስቆጨኛል። ደመወዙ ከፍ ቢል የተሻለ ነው ባይ ነኝ፣ "ፖለቲካ እንጀራ ይሆናል" የሚለው ስጋት ባዶ ባይሆንም።

ሌላም ጥያቄ አለ። አስተማሪ የነበረ ተወካይ ስለ ትምህርት በጀት ድምፅ ሲሰጥ ለሙያ ጓደኞቹ ያደላል የሚል ስጋት አለ። አሁንም በሥራ ላይ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ አባል መሆን ይችላል ወይ የሚለውን እያንዳንዱ ስቴት በራሱ ሕግ ይወስናል።

ይህ ሁሉ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ለሚኖሩ ወገኖቻችን የሩቅ ወሬ አይደለም። የነርስ ፈቃድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ለነዋሪ ልጅ የሚቀነሰው የኮሌጅ ክፍያ፣ የኡበር ሾፌር ኢንሹራንስ፣ ሁሉም የስቴት ሕግ የሚነካቸው ናቸው። የሜሪላንድ ምክር ቤት አናፖሊስ ላይ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ለ90 ቀን ይቀመጣል። የቨርጂኒያው ሪችመንድ ላይ በሙሉ ቁጥር ዓመት 60 ቀን፣ በጎዶሎው 30 ቀን ነው፤ ጎዶሎውም አብዛኛውን ጊዜ ወደ 46 ይራዘማል። በእነዚህ ቀናት ተወካዩን ለማግኘት ወረፋው ረጅም ነው። ከጁን እስከ ኖቬምበር ባሉት ወራት ግን ሰውየው ሰፈሩ ነው ያለው፤ ለቀጣዩ ጃንዋሪ የሚያቀርበውን ረቂቅ የሚያስብበትም ጊዜ ያኔ ነው።