ቦቶክስ ምንድን ነው? መርፌውንስ ማን ይያዘው?

ሜሪላንድ የምትኖር ጓደኛዬ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ቅዳሜ አንዷ ቤት ቡና አለ። ከቡናው ጋር ደግሞ "እጇ ቀላል ነው" የተባለላት ሴት መጥታ ቦቶክስ ትወጋቸዋለች፤ አምስት ሰው ከሞላ ቅናሽ አለው። "ምን ትያለሽ?" ነው ጥያቄዋ። ሐኪም አይደለሁም። ግን ጉዳዩን ብዙ ስላነበብኩበት መልሱ ረዘመብኝ፣ እዚህ ልጻፈው።

ቦቶክስ የፊት ሽብሽብን ለማለስለስ የሚወጋ የአንድ ምርት ስም ነው። የልብስ ሳሙና ዱቄትን ሁሉ ኦሞ እንደምንለው የሁሉም መጠሪያ ሆኖ ቀረ እንጂ ሌሎችም አሉ፣ ዲስፖርትን የመሳሰሉ። ውስጡ ያለው ቦቱሊነም ቶክሲን ይባላል። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለ ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ነው፣ ያውም እስካሁን ከሚታወቁት መርዞች ሁሉ ከኃይለኞቹ አንዱ። "ቦቱሊነም" የሚለው ስም ቋሊማ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። በ1820ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ዩስቲኑስ ኬርነር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የተበላሸ ቋሊማ በልተው ስለተመረዙ ሰዎች በዝርዝር ጽፎ ነበር። በነገራችን ላይ ፀጉር ቤት "የፀጉር ቦቶክስ" የሚሉት ይሄ አይደለም። እሱ ስሙን ብቻ ነው የተዋሰው።

መርዝ እንዴት መድኃኒት ይሆናል? አማርኛችን ይሄን ቀድሞ ያውቀዋል። "መድኃኒት ሰጠችው" ሲባል ልታድነው ነው፣ "መድኃኒት አበላችው" ሲባል ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ጡንቻ የሚኮማተረው ነርቭ አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ሲልክለት ነው። ቶክሲኑ ይሄን መልእክት ያግዳል፣ ጡንቻውም ዝም ይላል። ስንቆጣ በቅንድቦቻችን መሀል የሚቋጠረው ቦታ መቋጠር ያቅተዋል፣ በላዩ ያለው ቆዳም ይለሰልሳል። ለውጡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጀምራል፣ ሙሉ ለሙሉ ለመታየት እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል፣ ከዚያ ከ3 እስከ 4 ወር ገደማ ቆይቶ ይለቃል።

መጀመሪያ የተሠራው ለውበት አልነበረም። አለን ስኮት የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ የዓይን ሐኪም የዓይን መንሸዋረርን ያለ ቀዶ ሕክምና ለማስተካከል ሲሞክር ነው የመጣው፤ አሜሪካ ውስጥ ለዓይን ሕክምና የተፈቀደው በ1989 ነው። ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ ደግሞ ጂን ካራዘርስ የተባለች የዓይን ሐኪም የዓይን ቆባቸው የሚንቀጠቀጥባቸውን ሰዎች ስትወጋ ግንባራቸው ላይ ያለው መስመር እንደጠፋ አስተዋለች። ከባሏ ከቆዳ ሐኪሙ አላስተር ጋር ሆነው በ1992 ጻፉት። በ2002 አሜሪካ በቅንድብ መሀል ላለው ሽብሽብ ፈቀደች። ማለትም ነገሩ ሲጀመር የፊትን ጡንቻ አንድ በአንድ በሚያውቁ ሰዎች እጅ ነበር።

መውጋትማ ማንም ይወጋል። ቆዳው ሥር ያለውን ማወቅ ነው ከባዱ።

ለቅንድብ መሀል የተለመደው የቦቶክስ መጠን 20 ዩኒት (የመድኃኒቱ መለኪያ) ነው፣ አምስት ቦታ ተከፋፍሎ። እዚያው አጠገብ የዓይን ቆብን የሚያነሳው ጡንቻ አለ። ጥቂት ጠብታ ወደዚያ ከተሰራጨች ቆቡ ይወድቃል፤ አንድ ዓይን ግማሹ ተዘግቶ ለሳምንታት ይቆያል። ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ይባል የለ? የዓይን ጠብታ ትንሽ ሊያግዝ ይችላል እንጂ የተወጋውን መልሶ የሚያወጣ ነገር የለም፣ እስኪለቅ መጠበቅ ብቻ ነው። ግንባርም እንደዚሁ ነው። ቅንድብን ወደ ላይ የሚያነሳው የግንባር ጡንቻ ነው፣ እሱን ጨርሶ ካስተኙት ቅንድቡ ይወርዳል፣ በተለይ ድሮም ዝቅ ያለ ቅንድብ ያላት ሴት ላይ። ለዚህ ነው የሠለጠነ ሰው መርፌ ከማንሳቱ በፊት "ተቆጪ፣ ሳቂ፣ ቅንድብሽን አንሺ" እያለ ፊትሽን የሚያጠናው። ከንፈር ዳር ቦታ ከሳቱ ፈገግታ ይጣመማል። አንገት ላይ ከሆነ መዋጥ ሊያስቸግር ይችላል።

ደግሞ መበጥበጡ አለ። መድኃኒቱ ብልቃጥ ውስጥ በዓይን የማይታይ በሚባል መጠን ደርቆ ነው የሚመጣው፤ ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፣ ሊወጉ ሲሉ በንጹሕ የጨው ውሃ ይበጠበጣል። ውሃውን በግማሽ ከቀነሱት በአንድ ጠብታ ውስጥ ያለው መጠን እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የዲስፖርት ዩኒትና የቦቶክስ ዩኒትም እኩል አይደሉም፣ ይሄን ያላወቀ ሰው ስሌቱን ከመነሻው ያበላሸዋል። እርጉዝ ነሽ? ታጠቢያለሽ? ሚያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው የጡንቻ መድከም በሽታ አለብሽ? ሰሞኑን ጄንታማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ተወግተሻል? ቡና ላይ ማን ይጠይቅሻል?

የሚያስፈራኝ ግን ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። በ2024 አሜሪካ ውስጥ በ11 ግዛቶች ቦቶክስ ነው የተባለ መርፌ የተወጉ 22 ሰዎች ታመሙ፣ 11ዱ ሆስፒታል ገቡ። የተወጉት ፈቃድ ወይም ሥልጠና በሌላቸው ሰዎች፣ ወይም ቤትና ስፓን በመሳሰሉ የሕክምና ባልሆኑ ቦታዎች ነበር። እንግሊዝ ውስጥ በ2025 በስድስት ሳምንት ገደማ 38 ሰዎች በዚሁ መርፌ ሳቢያ ቦቱሊዝም፣ ማለትም የዚህ ቶክሲን መመረዝ፣ ያዛቸው።

"ዶክተር" የሚለው ማዕረግ ብቻውንም አይበቃም። በ2004 ፍሎሪዳ ውስጥ ፈቃዱ የታገደበት ሐኪም ለላቦራቶሪ ምርምር የተዘጋጀ ቶክሲን ወግቶ ራሱን ጨምሮ አራት ሰዎችን ሽባ አድርጓል። በተቃራኒው በብዙ ቦታ የሠለጠነች ነርስ በሐኪም ክትትል በሕጋዊ መንገድ ትወጋለች፣ በጣም ጎበዞችም አሉ። ስለዚህ ፈቃዱ ዛሬ ይሠራል ወይ፣ በዚህ ሥራ ሠልጥኗል ወይ፣ ችግር ቢፈጠር በማግስቱ የት ይገኛል ብሎ መጠየቅ ነው። አዲስ አበባ ላላችሁም ያው ነው፤ የውበት ሳሎን ፈቃድና የክሊኒክ ፈቃድ አንድ አይደሉም።

ቀድማችሁ የተወጋችሁ ካላችሁ ደግሞ፦ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ከታያችሁ፣ መዋጥ ወይም መናገር ካስቸገራችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ከተወጋችሁ ሳምንት ቢያልፍም እንኳ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። መወጋታችሁንም ሳታፍሩ ተናገሩ። ማርከሻው ገና ነርቭ ላይ ያልደረሰውን መርዝ ያስቆማል እንጂ የደረሰውን አይመልስም፣ ስለዚህ ሰዓት ወሳኝ ነው።

ጓደኛዬን "ብልቃጡን አሳይኝ በያት" አልኳት። ጠየቀቻት። "መርፌውን ቤቴ ሞልቼ ነው ይዤ የምመጣው፣ ኦርጅናል ነው እህቴ" አለቻት። ቅዳሜ ሄዳ ቡናውን እስከ በረካ ጠጥታ፣ ግንባሯን ሳታስነካ ቤቷ ተመለሰች።