ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ፦ ከተቋቋሙበት ዓላማ ውጭ የሚሰፉ የቤት ብድር ኩባንያዎችና ቁጥጥራቸው

ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ የአሜሪካ ኮንግረስ በሕግ ያቋቋማቸው፣ ለረጅም ዘመን ግን በግል ባለአክሲዮኖች የተያዙ ሁለት የቤት ብድር ኩባንያዎች ናቸው። ለቤት ገዢ በቀጥታ አያበድሩም። ባንኮችና ሌሎች አበዳሪዎች የሰጡትን ብድር ይገዛሉ፤ ብዙ ብድሮችን አንድ ላይ ጠቅልለው፣ ተበዳሪው ባይከፍል እኛ እንከፍላለን የሚል ዋስትና ያክሉበትና ለባለሀብቶች ይሸጣሉ። አበዳሪው ገንዘቡ ቶሎ ስለሚመለስለት ለሌላ ሰው ያበድራል። ወለዱ ለ30 ዓመት የማይለወጥ ብድር በአሜሪካ የተለመደ ነገር ሊሆን የቻለው በአብዛኛው በዚህ አሠራር ነው። የፋኒ ሜይ ዋና መሥሪያ ቤት ዋሽንግተን ዲሲ፣ የፍሬዲ ማክ ደግሞ እዚያው አጠገብ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ፣ ቤት የገዛ ሐበሻ ሞርጌጁ (የቤት ብድሩ) ለአንዳቸው ተሽጦ ይሆናል፤ ወርሃዊ ክፍያውን የሚሰበስበው ድርጅት ላይለወጥ ስለሚችል ግን ብዙ ሰው ነገሩን ልብ አይለውም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፋኒ ሜይ በ1938 በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን፣ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ የቤት ብድርን ባደረቀበት ወቅት፣ የመንግሥት ድርጅት ሆኖ ተመሠረተ። በ1968 ዕዳው ከመንግሥት በጀት እንዲወጣ ተፈልጎ ለሁለት ተከፈለ፦ ጂኒ ሜይ የተባለው ክፍል በመንግሥት እጅ ቀረ፣ ፋኒ ሜይ ወደ ባለአክሲዮኖች ተዛወረ። ፍሬዲ ማክ በ1970 ተቋቋመ፤ አክሲዮኑ ለማንኛውም ገዢ ክፍት የሆነው ግን በ1989 ነው።

ኩባንያዎቹ ወደ ግል ሲዞሩ ልዩ መብታቸው አብሯቸው ሄደ። ከክፍለ ሀገራትና ከከተሞች የገቢ ግብር ነፃ ነበሩ። እያንዳንዳቸው ከግምጃ ቤት እስከ 2.25 ቢሊዮን ዶላር መበደር የሚችሉበት በር ተከፍቶላቸዋል። ቦንዳቸው የመንግሥት ዋስትና እንደሌለው በግልጽ ተጽፎበት ሳለ ገበያው አላመነም፤ ቢወድቁ መንግሥት ዝም ብሎ አያይም ብሎ በርካሽ ወለድ አበደራቸው። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች እንደሚባለው ነው። የኮንግረስ የበጀት ጽሕፈት ቤት በ1996 ባወጣው ጥናት፣ ይህ ስውር ድጎማ በ1995 ብቻ 6.5 ቢሊዮን ዶላር እንደነበረ ገመተ፤ ከዚህ ውስጥ ወደ ሲሶ የሚጠጋው ለቤት ገዢ ሳይደርስ ለባለአክሲዮኖችና ለሥራ አመራሮች ይቀር ነበር። ከዓላማ ውጭ የመስፋፋት ጥያቄ የሚነሣውም ከዚህ ነው። በርካሽ የሚበደር ኩባንያ አዲስ ሥራ በጀመረ ቁጥር ያንን ድጎማ ይዞ ይገባል፤ በዚያ መስክ ያለ ተራ ነጋዴ ደግሞ ሊወዳደረው አይችልም።

የማቋቋሚያ ሕጎቻቸው ድንበር አበጅተው ነበር። ብድር መግዛት እንጂ መስጠት አይፈቀድም። የሚገዛው ብድር በየዓመቱ ከሚወሰን ጣሪያ ማለፍ የለበትም (በ2025 ለአንድ ቤተሰብ ቤት በአብዛኛው አካባቢ 806,500 ዶላር ነበር)። ከቤቱ ዋጋ 80 በመቶ ለሚበልጥ ብድር ደግሞ እንደ ሞርጌጅ ኢንሹራንስ ያለ ተጨማሪ መከላከያ ያስፈልጋል። በወረቀት ላይ ግልጽ ይመስላል። በተግባር ግን ብድር በመስጠትና በመግዛት መካከል ያለው መስመር እየደበዘዘ ሄደ። ሁለቱ ኩባንያዎች በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ተበዳሪው ብቁ መሆኑን የሚመዝን የኮምፒውተር ሥርዓት ለአበዳሪዎች አቀረቡ። አበዳሪው ከመፈረሙ በፊት የእነሱን መልስ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ብድሩን ማን ሰጠው ማለት ይቻላል? ፍሬዲ ማክ በ1997 ፊሊፕ ሞሪስ የተባለውን የትምባሆ ኩባንያ ቦንድ መግዛቱ ሲሰማም፣ ሲጋራና የቤት ብድር ምን አገናኛቸው የሚል ቁጣ ተነሣ። በ1999 ትላልቅ ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ኤፍ ኤም ዋች የሚባል ማኅበር ፈጥረው በኮንግረስ ፊት ይከራከሯቸው ጀመር። ማኅበሩ ለሕዝብ ከመቆርቆር ይልቅ ገበያውን ለመጠበቅ የቆመ ቢሆንም፣ ያነሣው ጥያቄ ተገቢ ነበር።

ይሁንና ትልቁ መስፋፋት ድንበር ያልጣሰው ነው። ኩባንያዎቹ ራሳቸው ዋስትና የሰጡበትን ሰነድ ከገበያ መልሰው እየገዙ በራሳቸው መዝገብ ያከማቹ ነበር፤ በርካሽ ተበድረው ውድ ወለድ የሚከፍል ሰነድ ሲይዙ ልዩነቱ ትርፍ ነው። በ1990 ሁለቱ በዚህ መልክ የያዙት 135 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2003 ከ1.5 ትሪሊዮን በላይ ደረሰ። ሕጉ የሚጠይቃቸው ካፒታል (ለኪሳራ መሸፈኛ የሚይዙት የራሳቸው ገንዘብ) ለዚህ ክምችት 2.5 በመቶ፣ ሸጠው ዋስትና ብቻ ለሰጡበት ደግሞ 0.45 በመቶ ነበር። አላን ግሪንስፓን በፌዴራል ሪዘርቭ ሊቀመንበርነቱ በ2004 ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ክምችቱ እንዲገደብ የጠየቀው ለዚህ ነው። ክምችቱ ለባለአክሲዮኑ እንጂ ለቤት ገዢው ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልነበረውም፤ በእኔ እይታ ከትምባሆው ቦንድ ይልቅ የዓላማ መሳት የሚባለው ይህ ነበር።

ታዲያ ተቆጣጣሪው የት ነበር? የ1992ቱ ሕግ ሥልጣኑን ለሁለት ከፍሎታል። የኩባንያዎቹን ጤንነት የሚከታተል ኦፌዮ የሚባል ትንሽ ቢሮ ተቋቋመ፤ የዓላማው ጉዳይ ለቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ተሰጠ። ኦፌዮ ወጪው የሚሸፈነው ከኩባንያዎቹ በሚሰበሰብ ክፍያ ሆኖ ሳለ፣ እንደ ሌሎች የባንክ ተቆጣጣሪዎች በራሱ ማዘዝ አይችልም ነበር፤ በየዓመቱ ኮንግረስ ሊፈቅድለት ይገባ ነበር። ኩባንያዎቹ ደግሞ በኮንግረስ ውስጥ ወዳጅ ለማብዛት ገንዘብ አይቆጥቡም ነበር። ፍሬዲ ማክ በሕገ ወጥ የምርጫ ገንዘብ ማሰባሰብ በ2006 የ3.8 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከፍሏል። የከተማ ልማት መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ አዲስ ፕሮግራም አስቀድሞ የማጽደቅ ሥልጣን ነበረው፤ ነገር ግን ሥራው ባንክ መመርመር አልነበረም። በተጨማሪም ኩባንያዎቹ ከሚገዙት ብድር ለዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ቤተሰቦች መድረስ ያለበትን ድርሻ በ2001 ወደ 50 በመቶ፣ ለ2008 ደግሞ ወደ 56 በመቶ ከፍ አድርጎታል። የዓላማው ጠባቂ ራሱ ስፉ የሚል ነበር ማለት ነው።

በሒሳቡ በኩል ጉዱ የወጣው በ2003 ነው። ፍሬዲ ማክ ትርፉን በ5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አሳንሶ ማሳየቱ ታወቀ፤ ትርፉ በየዓመቱ የተስተካከለ እንዲመስል ተፈልጎ ነው። ቀጥሎ ፋኒ ሜይ ተመረመረ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ፍራንክሊን ሬይንስ በ2004 መጨረሻ ለቀቀ፤ ኩባንያው የ6.3 ቢሊዮን ዶላር ትርፍ ከሒሳቡ ሰረዘ፣ በ2006ም 400 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፣ ክምችቱም በ727 ቢሊዮን እንዲገደብ ተስማማ። በ2005 ጠንካራ ተቆጣጣሪ የሚያቋቁም ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት ቢያልፍም፣ በሴኔት የቀረበው ሌላ ረቂቅ ከኮሚቴ ቢያልፍም ለሙሉ ሴኔቱ ድምፅ አልቀረበም።

በሐምሌ 2008 ሕጉ ሲወጣ ጊዜው አልፎ፣ የገንዘብ ቀውሱ ኩባንያዎቹን አንገዳግዷቸው ነበር። አዲሱ የፌዴራል የቤቶች ፋይናንስ ኤጀንሲ ቀድሞ የተበታተነውን ሥልጣን ሰበሰበ፤ የካፒታል መጠን መወሰን፣ ክምችት መገደብ፣ አዲስ ምርት ገበያ ከመግባቱ በፊት ለ30 ቀን የሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት ማድረግ ቻለ። አምስት ሳምንት ተኩል ሳይሞላው፣ በመስከረም መጀመሪያ፣ ሁለቱንም በሞግዚትነት ያዛቸው፤ አስተዳደራቸውን ራሱ ተረከበ ማለት ነው። ያኔ በእጃቸው የነበረውና ዋስትና የሰጡበት ብድር 5 ትሪሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ግምጃ ቤቱ በጠቅላላው ወደ 191 ቢሊዮን ዶላር አፈሰሰባቸው፤ በምላሹ ከጊዜ በኋላ ከ300 ቢሊዮን በላይ ትርፍ ወሰደ። ጥፋቱ የማን ነው በሚለው ላይ እስካሁን ክርክር አለ። ቀውሱን የመረመረው ኮሚሽን በ2011 ኩባንያዎቹ አስተዋጽኦ ቢኖራቸውም ዋና መንስኤ አይደሉም ሲል፣ ከአባላቱ ፒተር ዋሊሰን ተቃውሞ የመንግሥትን የቤት ፖሊሲ ተጠያቂ አድርጓል።

ሞግዚትነቱ አንድ ነገር በትክክል ፈወሰ፤ ክምችቱ በየዓመቱ እንዲቀንስ ተገደደ፣ ተቀነሰም። የመስፋፋት ጥያቄ ግን አልቀረም። ፋኒ ሜይ በ2017 መጀመሪያ ኢንቪቴሽን ሆምስ ለተባለ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን ለሚያከራይ ኩባንያ፣ የ1 ቢሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ሆነ። ቤት ለመግዛት ከሚታገለው ቤተሰብ ጋር ለሚሻማ ድርጅት ርካሽ ብድር ማመቻቸት ምን ዓላማ ነው የሚል ተቃውሞ ተነሣ፤ ኤጀንሲው በ2018 ሙከራውን ዘጋው። ልብ ይበሉ፣ ሙከራው የተካሄደው ራሱ ኤጀንሲው በሚያስተዳድረው ኩባንያ ነው። ሞግዚትም ተቆጣጣሪም አንድ ሰው ሲሆን፣ ከልካዩ ፈቃጁ ነው።

የአዳዲስ ምርቶች ደንብ በ2022 መጨረሻ ተጠናክሮ ወጣ። በ2024 ፍሬዲ ማክ ቀድሞ ዋስትና በሰጠበት ቤት ላይ ሁለተኛ ብድር ለመግዛት ሲጠይቅ ደንቡ ተፈተነ። ደጋፊዎች፣ ባለቤቱ በ2020ና በ2021 ያገኘውን ዝቅተኛ ወለድ ሳይለቅ ገንዘብ ማውጣት ይችላል አሉ፤ ተቃዋሚዎች ደግሞ ይህ ለቤት መግዣ ሳይሆን ለመኪናና ለክሬዲት ካርድ ዕዳ የሚውል ነው አሉ። ኤጀንሲው ጥያቄውን አልጣለውም፣ እንዳለም አልተቀበለውም፤ በ2.5 ቢሊዮን ዶላርና በ18 ወር ገድቦ ለሙከራ ፈቀደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2021 ፕሬዚዳንቱ የኤጀንሲውን ዳይሬክተር በፈለገ ጊዜ ማንሳት ይችላል ብሎ ስለወሰነ፣ እንዲህ ያለው ገደብ የት ላይ እንደሚቆም የሚወስነው ዋይት ሐውስ የሚቀመጠው ሰው የሚሾመው ዳይሬክተር ነው።