«ኢስቲዋው ይታወቃል፣ እንዴቱ አይታወቅም»፦ የኢማም ማሊክ ንግግርና ትርጉሙ

ስለ አላህ ባሕርያት ክርክር ከተነሳ ይህች ንግግር መምጣቷ አይቀርም፦ «ኢስቲዋው ይታወቃል፤ እንዴቱ አይታወቅም፤ በሱ ማመን ግዴታ ነው፤ ስለሱ መጠየቅ ቢድዓ ነው።» ኢስቲዋ የሚባለው ቁርኣን አላህ በዐርሹ (በዙፋኑ) ላይ «ኢስተዋ» ሲል የተናገረው ነው፤ ቢድዓ ደግሞ በሃይማኖት ውስጥ የተፈጠረ አዲስ ነገር ነው። የሚገርመው፣ የሚከራከሩት ሁለቱም ወገኖች ይጠቅሷታል። ሁለቱም «ኢማም ማሊክ የኛ ናቸው» ባይ ናቸው።

ማሊክ ኢብን አነስ በ179 ዓመተ ሂጅራ (እንደ አውሮፓውያን በ795) የሞቱ የመዲና ሊቅ ናቸው። አንድ ሰው መጣና ከቁርኣን የጣሃ ሱራ (ምዕራፍ) 5ኛውን አንቀጽ አነበበላቸው፦ «አረሕማን (አዛኙ አላህ) በዐርሽ ላይ ኢስተዋ።» ከዚያ «እንዴት ነው ኢስተዋ ያለው?» አላቸው። ማሊክ አንገታቸውን ደፉ። ላብ አሰመጣቸው። ቀና ሲሉ ያንን መልስ ሰጡና «አንተ የቢድዓ ሰው ነህ» ብለው አስወጡት። ተቀራራቢ ንግግር ከመምህራቸው ከረቢዓም ተዘግቧል። ሐሳቡ ከማሊክ በፊትም ነበር ማለት ነው።

በአንድ ጥያቄ ይህን ያህል መቆጣት ለምን? «ኢስተዋ» ከፍ አለ፣ ተደላደለ ተብሎ ይፈታል። ለሰው ሲነገር አካልና መቀመጫ ትዝ ይላል። ቁርኣን ግን በሹራ ሱራ 11ኛ አንቀጽ «እርሱን የሚመስል ምንም ነገር የለም» ይላል። «እንዴት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሳያስበው ሥዕል እየጠየቀ ነው።

ለአእምሮ ትልቅ ቦታ የሚሰጡት የጥንት የእስልምና ሥነ መለኮት ቡድን ሙዕተዚላዎች ከዚህ ሥዕል ለመሸሽ ቃሉን «ገዛ፣ ተቆጣጠረ» ወደሚል ፍቺ አዞሩት። ግልጹን ፍቺ ትቶ ወደ ሌላ መውሰድ ተእዊል ይባላል። ማስረጃቸው ቢሽር የተባለ ሰው ያለ ሰይፍና ያለ ደም ዒራቅን እንደያዘ የምትናገር የዐረብ ግጥም ነች፤ እዚያ «ኢስተዋ» ማለት ያዘ ነው። አሽዓሪዎች የሚባሉት የሥነ መለኮት ወገኖች በስማቸው የሚጠሩባቸው ሊቅ አቡል ሐሰን አል-አሽዓሪ ይህን አልተቀበሉም። መግዛት ማለት ከሆነ አላህ ምድርንም፣ ሁሉንም ነገር ይገዛል፤ ታዲያ ዐርሹ ተለይቶ ለምን ተጠቀሰ? ጥሩ ጥያቄ ነው። በኋላ የመጡ ብዙ አሽዓሪዎች ግን ራሳቸው ወደ ተእዊል ማዘንበላቸው አልቀረም።

አሁን ወደ ንግግሯ እንመለስ። ትልቁ ጭቅጭቅ ያለው «ይታወቃል» የምትለዋ ላይ ነው። ምኑ ነው የሚታወቀው? አንዱ ወገን «የቃሉ ትርጉም» ይላል፤ ዐረብኛ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል፣ የተሰወረው ሁኔታው ብቻ ነው። ሌላው ወገን «ቁርኣን ውስጥ መኖሩ ይታወቃል» ማለት ነው፣ ትርጉሙን ግን ለአላህ እንተዋለን ይላል። ይህ ተፍዊድ ይባላል። አያችሁ፣ ስለ አንቀጹ የነበረው ክርክር እንዳለ ወደ ማሊክ መልስ ተዛወረ!

ለእኔ የመጀመሪያው ንባብ ይቀናኛል። ትርጉሙ ጭራሽ የማይታወቅ ቢሆን «እንዴቱ»ን ብቻ ለይቶ አይታወቅም ማለት ምን ያደርጋል? ሆኖም የሁለተኛው ወገን እጅም ባዶ አይደለም። በሌላ ዘገባ ማሊክ ያሉት «እንዴቱ በአእምሮ አይደረስበትም» ነው። «አይታወቅም» ሲባል የተደበቀ «እንዴት» ያለ ይመስላል። «በአእምሮ አይደረስበትም» ሲባል ግን፣ እነሱ እንደሚሉት፣ ጥያቄው ከመነሻው ለአላህ አይገባም።

ክርክሩን ይበልጥ የሚያከረው የሐዲድ ሱራ 4ኛ አንቀጽ ነው። እዚያው አንድ አንቀጽ ውስጥ «በዐርሹ ላይ ኢስተዋ» ይላል፤ ዝቅ ብሎ «የትም ብትሆኑ እርሱ ከናንተ ጋር ነው» ይላል። ተእዊልን አጥብቀው የሚቃወሙትም ሁለተኛውን «በዕውቀቱ» ብለው ይፈቱታል። ተቃዋሚዎቻቸው እዚህ ጋ ይይዟቸዋል፦ «ይኸው፣ እናንተም አደረጋችሁት!»

እንደ አውሮፓውያን በ1306 ደማስቆ ውስጥ ስለ ዐቂዳቸው (እምነታቸው) በዑለማ (በሃይማኖት ሊቃውንት) ፊት የተጠየቁት፣ ተእዊልን የሚቃወሙት ሊቅ ኢብን ተይሚያ ለዚህ መልስ አላቸው። «ጋር» መሆን መነካካት አይደለም፤ ጨረቃ ሰማይ ላይ ሆና ከመንገደኛው ጋር ናት ይባላል። አንቀጹ ራሱ ስለ አላህ ዕውቀት እያወራ ስለሆነም ይህ ግልጹ ፍቺ ነው እንጂ ተእዊል አይደለም ይላሉ። አሽዓሪዎቹ ግን አይለቁም፦ ዐውደ ንባብ እዚህ ፍቺውን የሚወስን ከሆነ፣ «የሚመስለው የለም» የሚለው አንቀጽ ለኢስቲዋውስ ለምን አይወስንም?