የሥራ ክርክር ላይ የሚሠራ ጀማሪ ጠበቃ በአዲስ አበባ

የጥብቅና ድርጅት በአገራችን አዲስ ነገር ነው። ጠበቃ ድሮ በየራሱ ስም ነበር የሚሠራው፤ ተሰባስበው በሽርክና ድርጅት እንዲያቋቁሙ የፈቀደው በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ነው። እዚያ የሚቀጠር ጀማሪ ፈቃድ እስኪያወጣ ችሎት ቆሞ አይከራከርም። ክስና መልስ ያረቃል፣ የሰበር ውሳኔዎችን (የመጨረሻው ችሎት የሕግ ስሕተት አርሞ የሰጣቸውን ፍርዶች) ያገላብጣል፣ ማስረጃ ያደራጃል።

የሥራ ክርክር የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የግል ክርክር፣ ማለትም የአንድ ሠራተኛ ጉዳይ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይሄዳል፣ የወል ክርክር፣ ማለትም ሠራተኞችን በጋራ የሚመለከተው፣ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ።

ለእኔ የሥራው ልብ ቀን መቁጠር ነው። ባለጉዳዩ ቁጭ ብሎ በደሉን መናገር ሲጀምር ቶሎ መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ «የስንብት ደብዳቤው መቼ ደረሰዎት?» ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከ3 ወር ካለፈ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል፤ የክፍያ ጥያቄ 6 ወር አለው። ሰው ደግሞ አለቃው «ትንሽ ታገስ፣ እናየዋለን» እያለው ቆይቶ ነው የሚመጣው። በአንድ ሳምንት ያለፈበትን ሰው «የመመለሱ ነገር አልቋል» ማለት በጣም ያማል።

አሠሪውም ቀን ተቆጥሮበታል። ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ጥፋቱን ካወቀ በኋላ ያለው ጊዜ 30 የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ ጀማሪው የቀን መቁጠሪያ ዘርግቶ፣ እሁዱንና በዓሉን በእርሳስ እየሰረዘ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ከሥራ በመቅረት ለተባረረ ሰው ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው መኖሩንና የሠራተኛው ፊርማ ያረፈበት መሆኑን ያያል። ብዙ መዝገብ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

ስንብቱ ሕገወጥ ከተባለ ሠራተኛው ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ወይም የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ካሳ ከማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ጋር ይከፈለዋል። ሕጉ ችሎቱ በ60 ቀን እንዲወስን ይላል፤ ቀጠሮ ግን ቀጠሮ ይወልዳል።

ከሁሉ የሚከብደው ምስክር ነው። ያየው ሰው እዚያው መሥሪያ ቤት ያለ ባልደረባ ነው፣ ልጆች አሉት፣ ይፈራል። ማታ «እመጣለሁ» ይልና ጠዋት ስልኩ ዝግ ነው። መጥሪያ በፍርድ ቤት በኩል እንዲደርሰው ማድረግ ይሻላል፤ አለቃው ቢቆጣ «ፍርድ ቤት ጠርቶኝ ነው» ብሎ የሚያሳየው ወረቀት በእጁ ይኖረዋል።