ስሙ የማን ነው? ስለ ድምፃውያን ውድድርና ስለ መድረክ ስም ሲነገሩ የምሰማቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት ደጃፍ ላይ ሁለት ባነር ጎን ለጎን ተዘርግቶ አየሁ። ሁለቱም ላይ የአንድ የድምፃውያን ውድድር ስም ተጽፏል፤ ያው ቢጫ ማይክራፎን፣ ያው የፊደል ቅርጽ። የሚለያዩት በስልክ ቁጥሩና በመመዝገቢያው ክፍያ ብቻ ነው። አዘጋጆቹ አምና አብረው ሠርተው ዘንድሮ የተለያዩ ልጆች ናቸው። እኔን ያንገበገበኝ ግን የእነሱ ጠብ አይደለም። ከአለታ ወንዶ ድረስ መጥታ ከፍላ ከተመዘገበች በኋላ፣ የከፈለችው ላሰበችው ውድድር እንዳልሆነ የተረዳች ልጅ አለች። ፊቷ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ሁለቱንም ወገን አነጋገርኩ። የነገሩኝን ሌሎች ሙዚቀኞችም ሲሉት ስለምሰማ አንድ በአንድ ልመልስበት።

«ንግድ ፈቃድ አለኝ፤ ስሙ የእኔ ነው።»

አይደለም። የንግድ ስም ነጋዴው ራሱ የሚጠራበት ነው፤ የሚመዘገበውም በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ነው። የንግድ ምልክት ደግሞ ሕዝቡ አገልግሎቱን ከሌላው የሚለይበት ስምና ሎጎ ነው። እሱ የሚመዘገበው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ሲሆን የሚመዘግበውም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ሁለት መዝገብ፣ ሁለት መብት።

«ቀድሜ የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ከተማው ይመስክር።»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ሕግ የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው። አምስት ዓመት መድረክ ላይ የቆመ ስም ቢሆንም፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ካስመዘገበው ባለቤቱ በገዛ ስሙ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል። በእርግጥ ያልተመዘገበ ስም ያለው ሰው ጭራሽ መላ የለውም ማለት አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሕዝብን የሚያደናግር ያልተገባ ውድድርን ይከለክላል። ግን ያኔ ማስረጃ መሰብሰብና ምስክር መቁጠር የእናንተ ሸክም ይሆናል። የአምና ፖስተርና ደረሰኝ ያስቀመጠ ስንቱ ነው?

«የውድድሩን አካሄድ ማንም አይቀዳብኝም።»

ይቀዳባችኋል። ዳኞች ወንበር ላይ፣ ሕዝብ በስልክ ድምፅ ሲሰጥ፣ በየሳምንቱ አንድ ሰው ሲሰናበት… ይህ ሐሳብ ነው፤ የቅጂ መብት አዋጁ (410/1996) ደግሞ ሐሳብን አይጠብቅም። እንግሊዛዊው የቴሌቪዥን ሰው ሂዩ ግሪን ይህን በመራራ መንገድ አይቶታል። «ኦፖርቹኒቲ ኖክስ» የተባለውን የተሰጥኦ ውድድሩን የኒውዚላንድ ብሮድካስተር ከነስሙ፣ ከነመፈክሩና ከነጭብጨባ መለኪያው ሠራበት። ክርክሩ ለንደን እስከሚገኘውና ያኔ የኒውዚላንድ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ እስከነበረው ፕሪቪ ካውንስል ድረስ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1989 ግሪን ተሸነፈ። ስለዚህ አጥብቃችሁ ልትይዙት የምትችሉት ስሙንና ሎጎውን ነው።

«እንግዲያው ‹የሐዋሳ ምርጥ ድምፅ› ብዬ አስመዘግባለሁ።»

ይህ ስም የሚናገረው ቦታውንና የአገልግሎቱን ዓይነት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ገላጭ ቃል ለብቻው ለአንድ ሰው አይሰጥም፤ ሌላውም አዘጋጅ ሐዋሳን «ሐዋሳ»፣ ድምፅንም «ድምፅ» ማለት አለበትና። ለየት ያለ፣ አገልግሎቱን በቀጥታ የማይገልጽ ቃል ፈልጉ።

የመግቢያ ዜማን በንግድ ምልክትነት ላስመዝግብ የሚሉም አሉ። የንግድ ምልክት አዋጁ (501/1998) የንግድ ምልክት የሚለው የሚታይን ምልክት ስለሆነ ዜማው ጥበቃ የሚያገኘው በቅጂ መብት ነው።

«አንዴ ከተመዘገበ ለሁሉም ነገር፣ ለዘላለም ነው።»

ምዝገባው በዕቃና በአገልግሎት ምድብ ነው። ዓለም አቀፉ ምደባ 45 ምድቦች አሉት፤ የሙዚቃ ውድድርና የመድረክ ዝግጅት ምድብ 41 ውስጥ፣ ቲሸርትና ኮፍያ ምድብ 25 ውስጥ፣ ሙዚቃ የተቀዳበት ነገር ምድብ 9 ውስጥ ይገባል። የጸናበት ጊዜ 7 ዓመት ሲሆን እየታደሰ ይቀጥላል። ለተከታታይ 3 ዓመታት ያልተሠራበት ምልክት ግን ሊሰረዝ ይችላል። ስፖንሰር ጠፍቶ ውድድሩ ሲቋረጥ ይህን አስቡ።

«የባንዱ ስም የመሥራቹ ነው።»

ለእኔ ከሁሉም ከባዱ ይህ ነው፤ ጓደኝነት የሚፈርሰው በዚህ ነውና። ሳክሰን የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ሁለት የቀድሞ አባላት ከወጡ በኋላ ስሙን በራሳቸው አስመዘገቡ። ከመጀመሪያው ያልተለየው ድምፃዊ ተከራከራቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስሙ የሽርክናው እንጂ የየአባላቱ የግል ንብረት እንዳልነበረ ወስኖ ምዝገባውን ውድቅ አደረገው። ያ የእነሱ ሕግ ነው፤ ጥያቄው ግን እዚህም ያው ነው። ማመልከቻው ላይ የአመልካች ስም የሚል ቦታ አለ። ባንዱ ነው የሚጻፈው? ማናጀሩ? ስፖንሰሩ? የመድረክ ስሙን በማናጀሩ ስም ያስመዘገበ ድምፃዊ ውሉ ሲያልቅ ስሙን ትቶ ሊወጣ ይችላል። ሰው ቢለያይ ስሙ ከማን ጋር እንደሚቀር አንድ ገጽ ጽፋችሁ፣ ሁላችሁም ፈርማችሁ አስቀምጡ፤ ገና ስትዋደዱ።

የባነሮቹን ባለቤቶችም የጠየቅኳቸው ይህንኑ ነበር። አምና የተጻፈ ስምምነት የላቸውም። እስከዚህ ሳምንት ድረስም ከሁለቱ አንዳቸውም ማመልከቻ አላስገቡም።