የድሬዳዋ ሕፃን፣ ሙቀቱና የእናት ጡት

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ከተማ ናት። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። የ50 ኪሎ ሜትሩን ዳገት ወጥተው ሐረር ሲደርሱ ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል፤ አየሩም ነፋሻ ነው። ሐረር ላይ አራስ ጠያቂው ልጁን ብርድ እንዳይመታው ይሰጋል። ድሬ ላይ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው «ውኃ ጠምቶታል፣ ከንፈሩን አርጥቡለት» የሚለው ምክር ነው።

ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን ልጁን ይጎዳል። ከእናት ጡት ወተት ከመቶ 87 ያህሉ ውኃ ነው። ሕፃኑ መጥባት ሲጀምር የሚያገኘው ወተት ቀጠን ያለ ሲሆን፣ እየቆየ ሲጠባ ቅባቱ እየበዛ ይሄዳል። በሙቀት ቀን ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት ጥቂት እየጠባ የሚተወው ጥሙን እየቆረጠ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ በድሬዳዋ ሐሩርም ቢሆን ከጡት ሌላ ውኃ አያስፈልገውም። ውኃ የሚያስፈልጋት እናቲቱ ናት፤ ባጠባች ቁጥር አንድ ብርጭቆ አጠገቧ ቢቀመጥላት ጥሩ ነው።

የአራስ ጨጓራ ጥቂት ነው የሚይዘው። በውኃ ከሞላ ለወተቱ ቦታ አይተርፍም፤ ጡቱም ካልተጠባ ወተት ማመንጨቱን ይቀንሳል። ኩላሊቱ ገና ስላልጠነከረ ብዙ ውኃ ደሙ ውስጥ ያለውን ጨው አቅጥኖ እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርስ ይችላል። በጀሪካን የከረመ ውኃ ከሆነ ደግሞ ተቅማጥ ይጨመርበታል።

«ወተት የለኝም» የሚለው ስጋት የብዙ እናቶች ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት። በእነዚያ ቀናት የሚወጣው እንገር ነው። መጠኑ ትንሽ፣ መልኩ ቢጫ ነው፤ አንዳንድ ቤት አሁንም «የቆየ ወተት» ተብሎ ይደፋል። ሆኖም ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከለው ነገር ተከማችቶ የሚገኘው እዚያው ውስጥ ነው። ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት መያዝ አለበት፤ ቅቤ ማላሱ፣ የስኳር ውኃውና የአብሹ ውኃ ይቅር። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው በፍጹም አይሰጥም።

ጠግቧል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ከለቅሶው ይልቅ ከሽንቱ ነው። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ እየጠባ፣ ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ነጣ ያለ ሽንት ከሸና በቂ እያገኘ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ክብደቱ ጥቂት ቢቀንስ አያስደነግጥም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ነበረበት ሊመለስ ይገባል። ሽንቱ ከጠቆረ፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ ለመጥባት የማይነቃ ከሆነ ግን ነገ ማለት አያስፈልግም። መጥባት ማቆም፣ መንቀጥቀጥ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ ከ37.5 ዲግሪ ያለፈ ትኩሳት እንዲሁም በመጀመሪያው ቀን የታየ የዓይንና የቆዳ ቢጫነት በዚያው ሰዓት ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ናቸው። ወላጆች ለግግ ማስነቀልና ለእንጥል ማስቆረጥ የሚወስዱት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለውን በጠና የታመመ ልጅ ነው፤ የሚያሳዝነውም በዚያ መካከል የሚባክነው ሰዓት ነው። እትብት ላይም ቅቤ አይቀባም።

ልብሱን በተመለከተ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ሕፃን በብርድ ልብስ ተጀቡኖ ትኩሳት ያለበት መስሎ ክሊኒክ ሊደርስ ይችላል። አንድ ስስ የጥጥ ልብስ ይበቃዋል። ፀሐይ የሚሞቀውም በማለዳ ነው።

የምሥራቁ ነገር ሲነሳ ጫትን ማለፍ አይቻልም። የምታጠባ እናት ስትቅም የጫቱ አነቃቂ ንጥረ ነገር በወተቷ በኩል ወደ ልጁ ይደርሳል፤ የምግብ ፍላጎቷም ስለሚዘጋ ራሷ ትጎዳለች። ልጇን ጡት እስክታስጥል ጫቱን ብትተወው መልካም ነው።

ወደ ሥራ የሚመለሱ እናቶች ሌላ ችግር አለባቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ነው፤ ጡት ብቻ የሚጠባበት ጊዜ ግን ስድስት ወር። ክፍተቱን የሚሞላው የታለበ ወተት ነው። 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ አራት ሰዓት ይቆያል፤ የድሬ ከሰዓት ግን ከዚያ ስለሚያልፍ ፍሪጅ ውስጥ ቢገባ ይሻላል፤ እዚያ እስከ አራት ቀን ይቆያል። የላም፣ የፍየልም ሆነ የግመል ወተት በዚህ ዕድሜ ምትኩ አይሆንም።

ውኃ በበርሜልና በሮቶ ማጠራቀም ለድሬዳዋ ቤቶች ግድ ነው። የወባና የቺኩንጉንያ (ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያመጣ በሽታ) ትንኞች የሚራቡትም እዚያው ነው። በ2011 ዓ.ም. ቺኩንጉንያ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወባ በከተማዋ ተቀስቅሰው ነበር። በርሜሉ ይከደን። ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ስለምትናከስ ሕፃኑ ቀንም ቢሆን አጎበር ውስጥ ይተኛ።

ስድስት ወር ሲሞላው ጡቱ እየቀጠለ፣ ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይፈስ ወፈር ያለ ገንፎ ይጀመርለታል፤ እህልና ጥራጥሬ ተመጥኖ የተፈጨ ዱቄት፣ በላዩ የተፈረፈረ እንቁላል ወይም ዘይት። ካስቀመጠው ኦ.አር.ኤስና ዚንክ ይሰጠዋል፤ ጡትም አይከለከልም። ውኃም የሚጀመረው ስድስት ወር ሲሞላው ነው፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ፣ በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ስኒ።