የፓርላማ ሉዓላዊነት ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማስረጃ መዝኖ፣ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ መላክ ሕገ ወጥ ነው፤ አገሪቱ ለእነሱ አታስተማምንም ሲል ወሰነ። በኤፕሪል 2024 ፓርላማው «ሩዋንዳ ደኅንነቷ አስተማማኝ አገር ናት፤ ዳኞችም እንደዚያው ይቁጠሯት» የሚል ይዘት ያለው ሕግ አወጣ። ዳኞች በማስረጃ የደረሱበትን ድምዳሜ የምክር ቤት ድምፅ ሻረው። እንዲህ ማድረግ የሚቻለው የፓርላማ ሉዓላዊነት በሚባለው መርህ ነው።

የሕግ ምሁሩ አልበርት ዳይሲ በ1885 እንዳስቀመጠው መርሁ ሁለት ነገር ይላል፦ ፓርላማ የፈለገውን ሕግ ማውጣትም መሻርም ይችላል፤ ያወጣውን ሕግ ደግሞ ፍርድ ቤትን ጨምሮ ማንም ሊሽረው አይችልም። እዚህ ላይ ፓርላማ ማለት ንጉሡ፣ የሎርዶች ምክር ቤትና የተመራጮች ምክር ቤት በአንድነት ናቸው። መንግሥት (ጠቅላይ ሚኒስትሩና ካቢኔው) በዚህ ውስጥ የለበትም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። በሴፕቴምበር 2019 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማውን ለሳምንታት ሲያዘጉት 11 ዳኞች በሙሉ ድምፅ ድርጊቱን ሕገ ወጥ አሉት። ዳኞቹ ሥራ አስፈጻሚውን የገቱት ሉዓላዊው ፓርላማ ሥራውን እንዳይሠራ በመከልከሉ ነው።

ሁሉን ማድረግ የሚችለው ፓርላማ አንድ ነገር ግን ያቅተዋል፤ ነገ የሚመጣውን ፓርላማ ማሰር አይችልም። በ2011 የወጣ ሕግ ምርጫ ከጊዜው በፊት እንዲካሄድ ከ650ው መቀመጫ የሁለት ሦስተኛውን፣ ማለትም 434 ድምፅ ይጠይቅ ነበር። በኦክቶበር 2019 መንግሥት በዚህ መንገድ ሞክሮ 299 ድምፅ ብቻ አገኘ። በማግሥቱ የምርጫውን ቀን የሚወስን አጭር አዲስ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። አዲስ ሕግ ተራ የድምፅ ብልጫ ብቻ ስለሚበቃው የሁለት ሦስተኛው አጥር ዋጋ አጣ፤ ምርጫውም በዲሴምበር 12 ተካሄደ።

ታዲያ ምንም ገደብ የለም ማለት ነው? አለ፤ ግን ፓርላማው ራሱ የፈቀደው ነው። በ1972 ሕግ ለያኔው የአውሮፓ ማኅበረሰብ ሕግ የበላይነት ስለሰጠ፣ በ1990 ዳኞች በስፔን ዓሣ አጥማጆች ላይ የተጣለውን የ1988 የመርከብ ሕግ ገደብ አገዱ። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ ያን በር የከፈተው ፓርላማ ራሱ መልሶ ዘጋው። በ1998 የሰብዓዊ መብት ሕግ መሠረትም ፍርድ ቤት አንድን ሕግ «ከመብቶች ጋር አይጣጣምም» ብሎ ማወጅ ይችላል፤ ሕጉ ግን ይጸናል። በ2004 ያለ ፍርድ የታሰሩ የውጭ ዜጎች በዚህ መንገድ ቢረቱም ፍርዱ በራሱ አላስፈታቸውም። ሕጉ የተተካው ፓርላማው በማርች 2005 ሌላ ሲያወጣ ነው።

ይህን መርህ ወደ ኢትዮጵያ አምጥቶ «ፓርላማው ሉዓላዊ ነው» ማለት ስሕተት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50(3) የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን የፌዴራሉ መንግሥት ከፍተኛ የሥልጣን አካል ይለዋል። ሉዓላዊነትን ግን በአንቀጽ 8 ለብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሰጥቷል። ከሕገ መንግሥቱ የሚቃረን ሕግ በአንቀጽ 9 ተፈጻሚነት የለውም። አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ እንኳ አንቀጽ 18ን፣ ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለውን፣ መገደብ አይቻልም።

ሌላው ገደብ የሥልጣን ክፍፍል ነው። አንቀጽ 52 ለፌዴራሉ መንግሥት ብቻ ወይም ለፌዴራሉና ለክልሎች በጋራ ያልተሰጠውን ሥልጣን ለክልሎች ይተዋል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ብቻ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ አማራን፣ ኦሮሚያንና ትግራይን የመሳሰሉ ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል። በክልል የፍቺ ክርክር ላይ አዋጅ 213ን የሚጠቅስ ሰው ከመነሻው የተሳሳተ ሕግ ይዟል።

ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር አዋጅ ያጋጠመው ሰው የት ይሂድ? ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ያለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አቤቱታው መጀመሪያ 11 አባላት ወዳሉት የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ ይቀርባል። ሰብሳቢውና ምክትሉ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት ናቸው፤ ስድስቱ የሕግ ባለሙያዎች፣ ሦስቱ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚመጡ ናቸው። ጉባኤው ትርጉም አያስፈልግም ካለ ጉዳዩን ይመልሰዋል፤ በዚህ ያልተስማማ ወገን ለፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ይግባኝ ማለት ይችላል። ያስፈልጋል ካለ ግን የውሳኔ ሐሳቡን ያቀርባል፤ ምክር ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት።